ባንክ ለወረሰው ቤት ሰባት ጊዜ ተወዳድረን ሰባቴ ተሸነፍን

የጠያቂው ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካ በሜሪላንድ ግዛት ከባለቤቴና ከሁለት ልጆቻችን ጋር የምኖር፣ በአውቶቡስ ሾፌርነት የምተዳደር ሰው ነኝ። ከስድስት ዓመት በፊት አንድ ያረጀ ታውንሃውስ ገዝተን፣ ቅዳሜና እሑድ እየሠራን አድሰን አከራይተነዋል፤ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወጪውን ችሎ ጥቂት ይተርፈዋል። ሁለተኛ ለመጨመር ስናስብ ባንክ የወረሳቸው ቤቶች ረከስ ይላሉ ተብለን፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ለሰባት ቤቶች ዋጋ አቀረብን፤ ሰባቱንም አጣን። ሁለቱን ጥሬ ገንዘብ ያቀረቡ ኩባንያዎች ወሰዷቸው፣ በሁለቱ ‹ለጊዜው ለኢንቨስተር አይሸጥም› ተባልን፣ የቀሩት ሦስቱ ግን ለምን እንዳመለጡን እስካሁን አናውቅም። አንድ ወዳጃችን ‹ልንኖርበት ነው ብላችሁ ፈርሙ፣ ማን ያያችኋል?› እያለ ይመክረናል። በእጃችን 35 ሺህ ዶላር አለ፤ በሚቀጥለው ወር ደግሞ 40 ሺህ ዶላር ዕቁብ ይደርሰኛል። ዋጋ ጨምረን እንግፋበት ወይስ እንተወው?»

መልስ

ውድ ወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የወዳጅዎን ምክር ላንሳ፤ በደብዳቤዎ ውስጥ ያለው ሌላው ስሕተት ሁሉ የሚታረም ሲሆን ይህኛው ግን አንዴ ከተፈረመ በኋላ መመለሻ የለውም።

«ለጊዜው ለኢንቨስተር አይሸጥም» የተባላችሁባቸው ሁለቱ ቤቶች ከባንኮች የቤት ብድር የሚገዙት የፋኒ ሜና የፍሬዲ ማክ ድርጅቶች፣ ወይም በተለምዶ ሀድ የሚባለው የፌዴራሉ የቤቶችና የከተማ ልማት መሥሪያ ቤት ንብረቶች ሳይሆኑ አይቀሩም። ፋኒ ሜ ሆምፓዝ፣ ፍሬዲ ማክ ደግሞ ሆምስቴፕስ በሚባሉት የቤት መሸጫ ክፍሎቻቸው በኩል የሚሸጧቸውን ቤቶች ለገበያ ባወጡባቸው የመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት የሚያስተናግዱት ራሳቸው ሊኖሩባቸው የሚገዙ ሰዎችን፣ የመንግሥት አካላትንና ለትርፍ ያልቆሙ ድርጅቶችን ብቻ ነው፤ ሀድም በሥሩ ያለው ኤፍ ኤች ኤ ዋስትና ከሰጠባቸው ብድሮች የተረከባቸውን ቤቶች ሲሸጥ ለነዋሪ ገዢዎች ተመሳሳይ የቅድሚያ ጊዜ ይሰጣል። የሀድን ቤት በነዋሪነት የሚገዛ ሰው ቢያንስ ለ12 ወራት ዋና መኖሪያው እንደሚያደርገው በፊርማው ያረጋግጣል፣ ይህን በሐሰት መፈረምም በእስራትና በገንዘብ የሚያስቀጣ የፌዴራል ወንጀል ነው። በብድር የሚገዙ ከሆነ ደግሞ በብድር ማመልከቻው ላይ ሁለተኛ መዋሸት ግድ ይሆንብዎታል።

«ማን ያያችኋል?» ለሚለው፣ የሚያየው ብዙ ነው። የኪራይ ገቢዎን ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ ለአይ አር ኤስ የሚያስታውቁት የቤቱን አድራሻ ጽፈው ነው፤ ሞንጎመሪና ፕሪንስ ጆርጅስ ካውንቲን የመሳሰሉ አስተዳደሮች ቤት ለማከራየት ፈቃድ ስለሚጠይቁ ስምዎና አድራሻው በዚያም ይመዘገባል፤ ባለቤቱ ይኖርበታል ተብሎ ኢንሹራንስ የተገባለት ቤት ተከራይ እያለበት ቢቃጠል ኩባንያው ካሣውን ሊከለክልዎ ይችላል። ይህ ሁሉ ባይኖር እንኳ ምክሬ አይለወጥም። እ.ኤ.አ. በ2010 ብቻ ባንኮች ከ1 ሚሊዮን በላይ ቤቶችን ወርሰዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ብላክስቶን የተባለው ግዙፍ የኢንቨስትመንት ኩባንያ ኢንቪቴሽን ሆምስ የሚባል ቤት አከራይ ድርጅት አቋቁሞ የተወረሱ ቤቶችን በገፍ መግዛት ሲጀምር፣ በኤፍ ኤች ኤ ብድር ሊገዛ ለሚጥር ቤተሰብ ከጥሬ ገንዘብ ጋር መወዳደር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ በቅርብ አይቻለሁ። እነዚያ 30 ቀናት አንድ የሆስፒታል ጽዳት ሠራተኛ ከእኔና ከእርስዎ ጋር ሳትሻማ ቤት ልታገኝ የምትችልባቸው ቀናት ናቸው። እባክዎን ለእርሷ ይተዉላት።

አሁን ወደ ሦስቱ ቤቶች ልምጣ። የማያውቁት የተሸነፉበት ምክንያት እዚያ ያለ ይመስለኛል።

ባንክ የሚነግደው ቤት ይዞ ለመቆየት አይደለም። ያበደረው ገንዘብ አልመለስ ሲለው ቤቱን ፎርክሎዠር በሚባለው የዕዳ ማስመለሻ ጨረታ ያወጣዋል፤ ራሱም እስከሚፈልገው ዕዳ ድረስ ይጫረታል፤ ከዚያ በላይ የሚከፍል ካልመጣ ቤቱ በእጁ ይቀራል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የንብረት ግብሩን፣ ኢንሹራንሱን፣ የሣር ማጨጃውንና የበረዶ መጥረጊያውን የሚከፍለው እሱ ነው። ቤቱን እንዲሸጥ የሚመደበው የንብረት ኃላፊ ብዙ ጊዜ በሌላ ግዛት ሆኖ በርካታ መዝገቦችን ባንድ ጊዜ የሚያንቀሳቅስ፣ ቤቱን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ነው፤ የሚያውቀው ከአካባቢው ወኪል የተላከለትን የዋጋ ግምትና ፎቶግራፎቹን ነው። እናንተ ለቀናት የመከራችሁበት የግዢ ሐሳብ ለዚህ ሰው የሚደርሰው በሠንጠረዥ ውስጥ አንድ መስመር ሆኖ ነው፦ ዋጋ፣ ጥሬ ገንዘብ ወይስ ብድር፣ የቀብዱ መጠን፣ ክሎዚንጉ (የግዢው መዝጊያና የባለቤትነት ዝውውሩ) በስንት ቀን እንደሚያልቅ፣ ገዢው ከሻጩ የሚጠይቀው ድጋፍ፣ ገዢው ከውሉ ሊወጣ የሚችልባቸው ሁኔታዎች። ከሁሉ በላይ የሚመለከተው በመጨረሻ ለባንኩ የሚገባውን የተጣራ ገንዘብና ገዢው ሐሳቡን ሳይለውጥ እስከ መጨረሻው የመድረሱን ተስፋ ነው።

ስለዚህ 170 ሺህ ዶላር አቅርባችሁ ለክሎዚንግ ወጪ 3 ከመቶ እንዲደግፋችሁ ጠይቃችሁ ከነበረ፣ ለባንኩ የቀረበለት ዋጋ በእርግጥ 164,900 ነው። 166 ሺህ ብሎ ምንም ያልጠየቀው ሰው በ1,100 ዶላር በልጧችኋል፤ እናንተ ግን «4 ሺህ ጨምረን እንዴት ተሸነፍን?» እያላችሁ ትገረማላችሁ። የሀድ ጨረታ ይህን ስሌት በግልጽ ያደርገዋል፤ የሚያወዳድረው የወኪሉ ኮሚሽንና የተጠየቀው ድጋፍ ተቀንሶ ለሀድ የሚቀረውን ገንዘብ ነው፣ ዋጋውም በሀድ በተመዘገበ ወኪል አማካይነት ካልሆነ በቀር አይገባም። ኢንቨስተር ሆነው አሸንፈው ክሎዚንጉን ካልፈጸሙ ቀብድዎን በአብዛኛው ሙሉ በሙሉ እንደሚያጡት አስቀድመው ይወቁ።

በቤት ሽያጭ ወኪልነት በሠራሁባቸው ዓመታት አንድ ደንበኛዬ ከተፎካካሪው በ6 ሺህ ዶላር በልጦ የተሸነፈበት ቤት ዛሬም ያንገበግበኛል። የግዢው ሐሳብ የቀረበው አዲስ ባቋቋመው ኩባንያ ስም ሲሆን የተያያዘው የባንክ ስቴትመንት ግን በሚስቱ ስም ነበር። ገንዘቡ የሁለቱም መሆኑ ለእኛ ግልጽ ቢሆንም ወረቀቱን ለሚያገላብጠው ሰው ግልጽ አልነበረም፤ ዓርብ ማታ «ስሙ አይገናኝም» ተብሎ ተመለሰ፣ ሰኞ ጠዋት አስተካክለን ስንልክ ቤቱ ተሰጥቶ ነበር። ያንን ማየት የእኔ ሥራ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ የገዢውን ስም በግዢው ሐሳብ፣ በስቴትመንቱ፣ በብድር ፈቃድ ደብዳቤውና በመታወቂያው ላይ ፊደል በፊደል ሳላስተያይ ምንም ነገር ልኬ አላውቅም። የእኛ ስም ደግሞ የአባትና የአያት ስም እየተቀያየረ፣ በእንግሊዝኛ አንዱ ጋ በአንድ ፊደል፣ ሌላው ጋ በሁለት ፊደል እየተጻፈ ብዙ ጣጣ ያመጣልና የእርስዎንና የባለቤትዎን ሰነዶች ዛሬውኑ ጎን ለጎን አድርገው ይመልከቷቸው። ለሦስቱ ቤቶች ያቀረባችሁትንም ወረቀት ከወኪላችሁ ተቀብላችሁ በዚህ ዓይን ብታነቡት፣ ያልፈረማችሁበት ገጽ ወይም ያልተሞላ ቀን ልታገኙ ትችላላችሁ።

ስለ ዕቁቡ ገንዘብ ጠበቅ አድርጌ እንድናገር ይፍቀዱልኝ፤ ብዙ ወገኖቻችን የሚሰናከሉት እዚህ ላይ ነው። አበዳሪው አብዛኛውን ጊዜ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት የባንክ ስቴትመንት ያያል፤ ከደመወዝዎ ጋር የማይመጣጠን ትልቅ ገንዘብ ድንገት ገብቶ ካገኘ ምንጩን በሰነድ እንዲያስረዱ ይጠይቃል። ዕቁቡ በጥሬ ገንዘብ የሚደርስዎ ከሆነ፣ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ባንድ ጊዜ ሲያስገቡ ባንኩ ለመንግሥት ሪፖርት ያደርጋል። ይህ ሪፖርት የተለመደ አሠራር ነው፤ ንጹሕ ገንዘብ ያለውን ሰው የሚያስፈራው ምንም ነገር የለም። ወንጀል የሚሆነው ሪፖርቱን ለማምለጥ ብሎ ገንዘቡን ቆራርሶ ማስገባት ነው፤ ገንዘቡ ሕጋዊ ቢሆንም እንኳ መቆራረሱ ብቻውን ያስከስሳል። ስለዚህ ዛሬ 9 ሺህ፣ ነገ 9 ሺህ እያሉ ማስገባትን ማንም ቢመክርዎት አይስሙ።

ደስ የሚያሰኘው ነገር ፋኒ ሜ ዕቁብን የሚያውቀው መሆኑ ነው። በብድር መመሪያው ውስጥ ሰዎች በጋራ የሚያጠራቅሙት ገንዘብ ለቅድመ ክፍያ ተቀባይነት ያለው ምንጭ ተብሎ ተቀምጧል፤ የሚጠየቀው ገንዘቡን የሚያስተዳድረው ሰው የጽሑፍ ማረጋገጫና እርስዎ በየጊዜው ስለማዋጣትዎ ማስረጃ ነው። ስለዚህ የዕቁቡ ሰብሳቢ የአባላቱን ቁጥር፣ የአንዱን ዙር መዋጮ፣ የተጀመረበትንና የሚያበቃበትን ቀን፣ የእርስዎ ዕጣ የወጣበትን ቀን ጽፎ ፈርሞ ይስጥዎት፤ መዋጮዎን ከባንክ ሒሳብዎ ሲከፍሉ የቆዩ ከሆነ ያንን ስቴትመንት ያያይዙ። ነገር ግን ያው መመሪያ ዕጣው ከወጣልዎት በኋላ የሚቀረውን መዋጮ እንደ ዕዳ ቆጥሮ ከወርሃዊ ግዴታዎችዎ ጋር ይደምረዋል፣ ልክም ነው። ዕቁቡ ሊያልቅ ስንት ወር ይቀረዋል? ገና ብዙ ዙር ካለው 40 ሺው አብዛኛው ገና ያልከፈሉት ብድር ነውና ቤቱ በሚያስገባው ኪራይ ላይ ብቻ ተማምነው እንዳይፈርሙ።

አሁን የት መወዳደር እንዳለባችሁ እንመልከት። እስካሁን የተሻማችሁት ቤቶቹ በወጡ በመጀመሪያው ሳምንት ይመስለኛል፤ ያ ደግሞ የጥሬ ገንዘብ ሳምንት ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚፈልጉት ባንድ ዓይነት ስሌት በብዛት ሊገዙት የሚችሉትን፣ እርስ በርሱ የሚመሳሰል ቤት ነው። የሚያልፉት እንደ እናንተ ታውንሃውስ ያረጀውን፣ ከኋላው ክፍል የተቀጠለበትን፣ መጥፎ ሽታ ያለውን፣ ኩሽናው ተነቅሎ የተወሰደበትን ነው። ኩሽና የሌለውን ቤት ደግሞ መደበኛ የቤት ብድር ስለማይቀበለው ተራው ነዋሪ ገዢም ይተወዋል፤ ስለዚህ 30 ቀናቱ አልፈው በ31ኛው ቀን ማለዳ ገና ገበያ ላይ ያለ ቤት አብዛኛውን ጊዜ የሚታይ እንከን ያለበት ቤት ነው። እናንተ ደግሞ አንድ ያረጀ ቤት በእጃችሁ አድሳችኋል፣ የትኛው እንከን በ3 ሺህ ዶላር እንደሚጠገንና የትኛው መሠረት እንደሚያስቆፍር ታውቃላችሁ። ይህ ዕውቀት ከጥሬ ገንዘብ ጋር የሚመጣጠነው እንዲህ ባለ ቤት ላይ ነው።

ሌላው ውሉ ፈርሶ ወደ ገበያ የተመለሰ ቤት ነው። ገዢው ብድሩ ተከልክሎበት ወይም ፍተሻው አስደንግጦት ሲወጣ፣ የንብረት ኃላፊው ባዶ ወራትን ለአለቃው ማስረዳት ስለሚኖርበት ሁለተኛውን ገዢ የሚመርጠው በጥንቃቄ ነው፤ በዚያን ጊዜ ትንሽ ዝቅ ያለ ግን ያለቀለት ወረቀት ክብደት አለው። የተሸነፋችሁባቸውን ቤቶች ከልባችሁ አታውጧቸው፤ ተጠባባቂ ሆናችሁ መቀጠል የምትፈልጉ መሆኑን ለሻጩ ወኪል በጽሑፍ አሳውቁ፣ በየሁለት ሳምንቱም የሽያጩን ሁኔታ ተመልከቱ።

ሦስተኛው መንገድ ብዙ ሰው የማይሄድበት ነው፣ እኔም አብልጬ የምወደው እሱን ነው። ትልልቆቹ ባንኮች ቤቶቻቸውን የሚሸጡት በኮንትራት በያዟቸው ኩባንያዎችና በኦንላይን ጨረታ ሲሆን፣ አነስተኛ የአካባቢ ባንክና ክሬዲት ዩኒየን (በአባላቱ የተያዘ የቁጠባና የብድር ማኅበር) ግን ሁለትና ሦስት ቤት ብቻ ይዞ የሚያስተዳድረውም አንድ የብድር ሠራተኛ ሊሆን ይችላል። በአሜሪካ ያለ እያንዳንዱ ባንክ በየሩብ ዓመቱ ኮል ሪፖርት የሚባል ሰነድ ለተቆጣጣሪዎቹ ያስገባል፤ ኤፍ ኤፍ አይ ኢ ሲ በሚባለው የተቆጣጣሪዎቹ ምክር ቤት ድረ ገጽ ላይ ማንም ሰው በነጻ ያነበዋል። በዚያ ውስጥ ባንኩ የወረሰው ከአንድ እስከ አራት ቤተሰብ የሚኖርባቸው ቤቶች ስንት ዶላር እንደሚያወጡ ለብቻው የተጻፈ መስመር አለ። ክሬዲት ዩኒየኖችም ለተቆጣጣሪያቸው ለኤን ሲ ዩ ኤ የሚያቀርቡት ተመሳሳይ የሩብ ዓመት ሪፖርት ይፋ ነው። በምትኖሩበትና በአጎራባች ካውንቲዎች ያሉትን አነስተኛ ባንኮች አንድ በአንድ ከፍታችሁ፣ ያ መስመር ዜሮ ያልሆነባቸውን ለዩ። ከዚያ ደውላችሁ የተበላሹ ብድሮችን የሚከታተለውን ክፍል ጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ ስፔሻል አሴትስ ይባላል። «ያረጀ ቤት አድሰን የምናከራይ ባልና ሚስት ነን፣ የመጀመሪያውን ቤታችንን ፎቶግራፍ ላሳይዎት እችላለሁ» ማለት በዚያ ስልክ ላይ ዋጋ አለው፤ አንዳንዱ ባንክ ቤቱን እንዲሁ ላለመያዝ ሲል ብድሩንም ራሱ ሊሰጣችሁ ይችላል። ከአሥር ባንክ ዘጠኙ «የለንም» ቢሏችሁ አይክፋችሁ፣ ከሦስት ወር በኋላ አዲስ ሪፖርት ይወጣል።

ቤቱን ለማየት ስትገቡ ከቀለሙና ከወለሉ በፊት ውሃውን አስቡ። ባንኮች ባዶ ቤት በክረምት እንዳይፈነዳባቸው ውሃውን ከቧንቧው አስወጥተው ይዘጉታል፤ የመጸዳጃው ክዳን ላይ አትጠቀሙ የሚል ወረቀት ተለጥፎ፣ ቴፕ ዙሪያውን ተጠምጥሞ፣ ውስጡ ደግሞ ሮዝ ፀረ በረዶ ፈሳሽ ተጠራቅሞ ታያላችሁ። ያ ወረቀት የሚነግራችሁ ውሃው መዘጋቱን ብቻ ነው፤ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ሌሊት በረዶ ገብቶ እንደሆነ አይናገርም። እኔ ራሴ በመጀመሪያ የገዛሁት የባንክ ቤት በፍተሻው ቀን ደረቅና ንጹሕ ነበር። ቁልፉን ከተረከብኩ በኋላ ዋናውን ቫልቭ ስከፍት መጀመሪያ ከግድግዳው ውስጥ እንደ ዝናብ ያለ ድምፅ መጣ፤ ቀጥሎ የኩሽናው ኮርኒስ መሐሉ ላይ ጨለመ፤ ከዚያ ጎብጦ ወረደ። የመዳብ ቧንቧው በርዝመቱ እንደ ባቄላ ቆባ ተሰንጥቆ ነበር። ስለዚህ በፍተሻው ጊዜ ውሃው እንዲከፈት ፈቃድ በጽሑፍ ጠይቁ፤ መክፈቱንና መልሶ መዝጋቱን በራሳችሁ ወጪ እንደምታደርጉ ግለጹ። ከከለከሏችሁ ቤዝመንት ውረዱና በባትሪ ብርሃን ወደ ላይ እያያችሁ ቧንቧውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከተሉ፤ የተቆረጠ ጫፍ፣ አረንጓዴ ዝገት ወይም በግድግዳው ላይ የውሃ ከፍታ ምልክት ካያችሁ የሙሉ ቧንቧ መቀየሪያውን በስሌታችሁ ውስጥ አስገቡ።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይዎት። ቤቱ ታድሶ ሲያልቅ 260 ሺህ ዶላር ያወጣል እንበል፤ ይህንንም በሠፈሩ በቅርቡ ከተሸጡ ተመሳሳይ ቤቶች አመሳክራችኋል። ቤቱ ላይ የምታፈሱት ገንዘብ በሙሉ ከዚህ 80 ከመቶ፣ ማለትም ከ208 ሺህ እንዳይበልጥ ወስናችኋል። ኮንትራክተሩ እድሳቱን 32 ሺህ ገመተ፤ እኔ ባንክ በያዘው ቤት ላይ 20 ከመቶ ሳልጨምር አላሰላም፣ 38,400 ይሆናል። ተከራይ እስኪገባ ለአራት ወር ወለድ፣ ግብር፣ ኢንሹራንስና መብራት በወር 2 ሺህ ቢባል 8 ሺህ፤ የግዢው ወጪ 7 ሺህ። ሁሉም ሲቀነስ የሚቀረው 154,600 ነው። ሻጩ «የመጨረሻ ከፍተኛ ዋጋችሁን አምጡ» ብሎ ሲጠይቅ ይህንን ቁጥር ትጽፋላችሁ፤ በ500 ዶላር ብትሸነፉበትም ቤቱ ለእናንተ አልነበረም።

አሁን ኪሳችሁን እንይ። በመደበኛ ብድር፣ ለአንድ ቤተሰብ ኪራይ ቤት ዝቅተኛው ቅድመ ክፍያ 15 ከመቶ ሲሆን 23,190 ዶላር ይመጣል፤ እድሳቱንና ሌላውን ከኪስ ስትጨምሩ 76,590 ይሆናል። ዕቁቡን ጨምሮ ያላችሁ 75 ሺህ ነው፤ ለመጠባበቂያ አንድ ዶላር ሳይቀር ገንዘቡ አልቆ 1,590 ይጎድላል ማለት ነው፣ አበዳሪው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የስድስት ወር ክፍያ በመጠባበቂያ እንዲያዝ ይጠይቃል። የፋኒ ሜ ሆምስታይል የተባለው ብድር ግን ግዢውንና እድሳቱን ባንድ ላይ ያበድራል፤ ለአንድ ቤተሰብ በተሠራ ቤት ላይ ኢንቨስተርም ሊወስደው ይችላል። ግዢውና እድሳቱ ሲደመሩ 193 ሺህ ይሆናሉ፣ የዚህ 15 ከመቶ 28,950 ነው፤ ሌሎቹን ወጪዎች ደምራችሁ 43,950 ትከፍሉና 31,050 በእጃችሁ ይቀራል። ቅድመ ክፍያው ከ20 ከመቶ በታች ስለሆነ ለአበዳሪው ዋስትና የሚሆን የሞርጌጅ ኢንሹራንስ ይጨመርበታል፣ ወረቀቱም ከመደበኛው ብድር ይበዛል፣ ጊዜም ይወስዳል። በመጀመሪያው ሳምንት ሽሚያ በዚህ ብድር አታሸንፉም። ከ31ኛው ቀን በኋላ ማንም ያልነካውን ኩሽና የሌለውን ቤት ግን በዚህ ብድር መግዛት ይቻላል። ሃርድ መኒ በሚባለው ወለዱ የከበደ የአጭር ጊዜ ብድር ገዝታችሁ ወዲያው በሪፋይናንስ፣ ማለትም ብድሩን በአዲስ ብድር በመተካት፣ ገንዘባችሁን እናወጣለን ብላችሁ ከሆነም፣ በፋኒ ሜ ደንብ ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ሪፋይናንስ ሲደረግ የሚከፈለው ነባር ብድር ቢያንስ 12 ወር የሞላው መሆን እንዳለበት አስቡ፤ በዚያ ወለድ 12 ወር ረጅም ነው።

ስለ ውሉ ጥቂት ልበል። ባንኩ «ተቀብለናል» ብሎ በኢሜይል ቢጽፍላችሁም እስኪፈርም ድረስ ቤቱ የእናንተ አይደለም። የራሱን አባሪ ውል ይልክላችኋል፤ ከመደበኛው ውል ጋር ሲጋጭ የሚጸናው አባሪው ነው፣ በእናንተ ምክንያት ክሎዚንጉ ከዘገየ በየቀኑ የሚቆጠር ቅጣት ብዙ ጊዜ በውስጡ አለ፣ ቤቱም ባለበት ሁኔታ ነው የሚሸጠው። የሚሰጣችሁ የባለቤትነት ሰነድ ባንኩ ቤቱን ከያዘበት ጊዜ በፊት ለነበረው ነገር ዋስ የማይሆን ስለሆነ፣ የፎርክሎዠሩን ሽያጭ ሰርኪዩት ፍርድ ቤቱ ማጽደቁን አረጋግጡ፤ ለራሳችሁም፣ ለአበዳሪው ብቻ ሳይሆን፣ በባለቤትነቱ ላይ ክርክር ቢነሳ የሚሸፍነውን የታይትል ኢንሹራንስ ግዙ። ውስጡ ተከራይ ካለ በፌዴራሉ ሕግ ቢያንስ የ90 ቀን ማስጠንቀቂያ ይገባዋል፣ ትክክለኛ የኪራይ ውል ያለው ከሆነ ደግሞ በአብዛኛው ውሉ እስኪያልቅ የመኖር መብት አለው፤ እናንተም ልታከራዩት ነውና አነጋግሩት፣ ጥሩ ተከራይ ሊሆንላችሁ ይችላል። ቤቱ ከ1978 በፊት የተሠራ ከሆነ የሜሪላንድን የእርሳስ ቀለም ምዝገባና የምስክር ወረቀት ወጪ አትርሱ። እድሳት ላይ ያለ ባዶ ቤት በተለመደው የቤት ኢንሹራንስ እንደማይሸፈን አውቃችሁ ለባዶ ቤት የሚሆነውን ከክሎዚንጉ ቀን ጀምሮ አስገቡ።

እንግዲህ ለጥያቄዎ፣ ዋጋ አይጨምሩ፣ ነገር ግን አይተዉት። ዕቁቡ እስኪደርስ ባለው ወር ውስጥ የሰብሳቢውን ደብዳቤ ያስጽፉ፣ የሆምስታይል ብድር የሚሰጥ አበዳሪ ፈልገው ቅድመ ፈቃድ ይጠይቁ፣ ባለቤትዎ ደግሞ ማታ ማታ ኮል ሪፖርቶቹን ያገላብጡ። ስምንተኛውን የግዢ ሐሳብ ከመላካችሁ በፊት የሦስቱን ቤቶች ወረቀት አንብባችሁ ያገኛችሁትን ብትጽፉልኝ፣ ቀጣዩን አብረን እናየዋለን።